የቆረጥኳት ጣት

ትናንት ማታ ውሸታም መሆኔን አወቅኩ። ያጋለጠኝም ሰው አይደለም፤ የገዛ ካሜራዬ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፎቶ ማንሳት የምንወድ፣ በፎቶ ግን ቤሳ ቤስቲን አግኝተን የማናውቅ ጥቂት ጓደኛሞች አለን። ሰሞኑን አንዷ ሐሳብ አመጣች። እያንዳንዳችን ካነሳናቸው ሁሉ አብልጠን የምንወዳትን አንዲት ፎቶ እናሳትምና፣ ታሪኳን በግማሽ ገጽ ጽፈን ከጎኗ ግድግዳ ላይ እንስቀል አለች። "ምርጧን አላልኩም፤ የምትወዷትን ነው ያልኩት" ብላም አስጠነቀቀችን። ልዩነቱ ያኔ ብዙም አልገባኝም።

እኔን ምርጫው አላስቸገረኝም። አንድ አዛውንት አውቶቡስ ፌርማታ ላይ በአንድ ጉልበታቸው ተንበርክከው የባለቤታቸውን የጫማ ክር ያስራሉ። ሴትዮዋ እንዳይወድቁ ብለው አንድ እጃቸውን ባላቸው ራስ ላይ አሳርፈዋል። ከኋላቸው አውቶቡስ እያለፈ ነው፤ የመስኮቶቹ መብራት ተስቦ ረጅም የብርሃን መስመር ሆኗል። በዚያ ሁሉ ሩጫ መሃል እጃቸው ብቻ ዝንፍ አላለም። ቀረብ ብላችሁ ካያችሁ የጣታቸው ጫፍ ሽበቱ ውስጥ ገባ ብሎ ይታያል።

ይህችን ፎቶ ሰባት ዓመት ሙሉ ስተርካት ኖሬያለሁ። ታሪኳ አንድ ነው፤ ሰው በጠየቀኝ ቁጥር ሳላዛንፍ እደግመዋለሁ። ዝናብ ነበር። የሆነ ነገር እንደሚመጣ ታውቆኝ አንድ ሰዓት ሙሉ ቆሜ ጠበቅኩ። ከዚያ አውቶቡሱ ሲመጣ አየሁና፣ መብራቱ እንዲፈስልኝ ሆን ብዬ የሹተሩን ፍጥነት፣ ማለትም ብርሃን የሚገባበትን ጊዜ፣ ወደ 1/30 ሰከንድ አወረድኩት። ሰው ይሄን ሲሰማ አንገቱን ይነቀንቃል። እኔም ደስ ይለኛል።

ትናንት ለማሳተሚያ ኦሪጅናሉ አስፈለገኝ። ስልኬ ላይ ያለው ሲላክ ሲመለስ የተጨመቀው ነው፤ ተለቅ ተደርጎ ቢታተም ፊታቸው ሁሉ አራት ማዕዘን ነጠብጣብ ይሆናል። የድሮውን ሃርድ ዲስክ ከመሳቢያ አወጣሁ፣ ፎልደሩን አገኘሁት። ከዚያ ቦታ ያነሳሁት 14 ፎቶ ነው። የምወዳት ዘጠነኛዋ ነች። ከመጀመሪያዋ እስከ አስራ አራተኛዋ ያለው ጊዜ 4 ደቂቃ ከ10 ሰከንድ።

አንድ ሰዓት ያልኩት እኮ ነው!

መጀመሪያ ካሜራውን ለመክሰስ ሞከርኩ። እውነትም ቀኑ የተሳሳተ ነው፤ ሰዓቱን የሚያስኬደው የውስጥ ባትሪ አልቆ ስለነበር ፎቶዎቹ ሁሉ የጃንዋሪ 1 ቀን ይላሉ። ግን ይሄ አያድንም። ሰዓቱ ከየትም ይጀምር ከየት፣ በሁለት ፎቶ መሃል ያለው ርቀት አይዋሽም። የሹተሩስ ነገር? ከዚያ በፊት በነበረው ምሽት የአክስቴን ልጅ ልደት አንስቼ ነበርና የዚያን የመጨረሻ ፎቶ ከፍቼ የሹተሩን ፍጥነት፣ የሌንሱን ቀዳዳ ስፋትና ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት አየሁ። 1/30፣ ኤፍ 2.8፣ አይኤስኦ 800። የአውቶቡሱ ፎቶ ላይስ? 1/30፣ ኤፍ 2.8፣ አይኤስኦ 800። ቁጭ። አንዲት ቁልፍ አልነካሁም። ጨለም ላለ ሳሎን ያስተካከልኩትን ረስቼ በማግስቱ እንዳለ ይዤው ወጣሁ፤ አመሻሹ ላይ የፌርማታው ብርሃን ከሳሎኑ ጋር ገጠመልኝ፣ አለቀ። በ35 ሚሊሜትር ሌንስ 1/30 በእጅ ተይዞ ሳይንቀጠቀጥ መውጣቱም ዕድል ነው። ዝናብ ደግሞ የለም፤ አስፋልቱ ደረቅ ነው። ይሄኛው እንኳ ፎቶዋ ላይ አፍጥጦ ይታያል። ሰባት ዓመት ማንም አልጠየቀኝም፣ እኔም ራሴን አልጠየቅኩም።

ሆን ብዬ የዋሸሁት ነገር የለም፤ ይህን ብታምኑኝ ደስ ይለኛል። ዝናቡ እስከ ዛሬ ድረስ ጃኬቴ ላይ ሲወርድ ይሰማኛል።

ለመጽናኛ አሜሪካዊው ፎቶ አንሺ አንሰል አዳምስ ትዝ አለኝ። ኒው ሜክሲኮ ውስጥ ሄርናንዴዝ በምትባል ትንሽ መንደር ላይ ጨረቃ ስትወጣ ያነሳት ፎቶ አለችው፤ ፎቶ የሚወድ ሰው መቼም ሳያያት አይቀርም። መኪና እየነዳ ሲያልፍ የመቃብሩን መስቀሎች የመጨረሻዋ የፀሐይ ብርሃን ስትነካቸው አየ። ቆመና ያን 8 በ10 ኢንች ግዙፍ ካሜራውን እየተጣደፈ ዘረጋ። የብርሃን መለኪያው ግን የት እንደገባ ጠፋው። የጨረቃ ድምቀት በስኩዌር ጫማ 250 ካንድል መሆኑ ትዝ ስላለው ከዚያ ተነስቶ አሰላና አንዷን አነሳ። ሁለተኛዋን ሲያዘጋጅ መስቀሎቹ ላይ የነበረው ብርሃን ጠፋ። እንግዲህ ይሄን ሁሉ አንድ በአንድ የሚተርክ ሰው ዓመቱን አያስታውስም! አንዴ 1940፣ አንዴ 1942፣ አንዴ 1944 እ.ኤ.አ. ይላል። የገላገሉት ጨረቃዋ ሰማይ ላይ ያለችበትን ቦታ ያሰሉ ሰዎች ናቸው። የመጀመሪያው ኦክቶበር 31 ቀን 1941 ነው አለ፤ ከአስር ዓመት በኋላ ሌላው መጣና የለም፣ በማግስቱ ኖቬምበር 1 ነው ብሎ አረመው።

ጨረቃን የዞሩት የአፖሎ 8 ጠፈርተኞችም አልተረፉም። ዲሴምበር 24 ቀን 1968 ምድር ከጨረቃ አድማስ በላይ ብቅ ስትል በከለር ያነሳት ቢል አንደርስ ነው። አዛዡ ፍራንክ ቦርማን ግን እኔ ነኝ ያነሳኋት እያለ ለዓመታት ሲናገር ኖሯል። ነገሩን የለየው እዚያው መንኮራኩሯ ውስጥ የተቀዳው ድምፅ ነው፤ አንደርስ የከለር ፊልም ቶሎ አቀብሉኝ እያለ ሲጣደፍ ይሰማል። ቦርማን የዋሸ አይመስለኝም። እሱም የራሱ ዝናብ ነበረው።

እስካሁን የሌሎቹን ታሪክ አይቻለሁ፤ ገና ሳይሰቀል በግሩፓችን እየተላላክን ነው። የሚገርመው አንድም ሰው ቆንጆ ፎቶውን አልመረጠም። ፀሐይ ስትጠልቅ የለም፣ ተራራ የለም።

ሐሳቡን ያመጣችው ልጅ የላከችው ፎቶ ግማሹ መዳፍ ነው። እናቷ ፎቶ መነሳት አይወዱም ነበር፤ ካሜራ ካዩ እጃቸውን ፊታቸው ላይ ይዘረጋሉ። አንድ ቀን ኩሽና ውስጥ ቀስ ብላ ተጠጋቻቸው፣ እሳቸውም እንደ ልማዳቸው እጃቸውን ዘረጉ፣ አውቶፎከሱ ደግሞ እንደ ልማዱ ቅርብ ያገኘውን ያዘ። ፊታቸው ከኋላ ብዥ ብሎ ቀርቷል፤ እየሳቁ መሆናቸው ብቻ ይለያል። መዳፋቸው ግን ጥርት ብሎ ወጥቷል። የመዳፋቸው መስመሮች አንድ በአንድ ይቆጠራሉ፣ አውራ ጣታቸው ሥር ያለችው የድሮ የቢላ ጠባሳም አልቀረችም። "ያን ቀን ተበላሸ ብዬ ልሰርዘው ነበር፤ ሜሞሪ ካርዱ ስላልሞላ ብቻ ነው የተረፈው" ብላ ጻፈች። እናቷ ካረፉ ሁለት ዓመት ሆናቸው። ፊታቸው በደንብ የሚታይባቸው ሌሎች ፎቶዎች አሏት፤ የመታወቂያ ምናምን። እነሱን አታያቸውም። "እማዬን እጇ ነው የሚመስላት" አለችኝ፤ እንዴት እንደምመልስላት ጠፍቶኝ ልብ ብቻ ላኩላት። ደካማ መልስ ነው፣ አውቃለሁ።

ወፍ የሚያነሱ አንድ ጡረተኛ አሉን፤ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ዓሣ አጥማጅ ወፍ ውሃ ውስጥ ስትወረወር ለመያዝ አስራ አንድ ጠዋት ተመላልሰዋል። እንዲህ ያለውን ለማስቆም 1/4000 እንኳ አይበዛም፤ ካሜራቸው በሰከንድ 20 ፎቶ ያነሳል፤ ሌንሳቸው የክንድ ያህል ነው። በአስራ አንደኛው ቀን ወፏ ስትወረወር ጋሼ አፍንጫቸውን እየጠረጉ ነበር። በድንጋጤ ሲጫኑት የወጣው ባዶ ቅርንጫፍና ከሥሩ እየሰፋ የሚሄድ የውሃ ክብ ነው። በኋላ በሌላ ቀን ወፏን ከነዓሣዋ ይዘዋታል፤ እንከን የሌላት ፎቶ ነች። የመረጡት ግን ክቡን ነው። "ያችኛዋን እኮ ማንም ያነሳታል፤ ይሄኛውን ከእኔ ሌላ ማን ያነሳዋል?" አሉ። ልክ ናቸው።

በፊልም የሚያነሳው ልጅ አንዱን ጥቅል ሳያውቅ ሁለቴ ካሜራው ውስጥ ከቶ አንስቶበታል፤ ሁለት ፎቶ ተደራርቦ የወንድሙ ፊት ላይ ደረጃ በቅሎበታል። ታሪኩም ይሄው ነው፣ አንድ መስመር።

አንዷ ደግሞ ፎቶዋን ልካ ታሪኩን አልጽፍም አለች። "ያየ ይየው" ብላ ዘጋችው። መጀመሪያ ቅር አለኝ፤ ከዚያ ቪቪያን ማየር ትዝ አለችኝ። በሞግዚትነት የሰው ልጆች እየጠበቀች ስትኖር ከ100,000 በላይ ፎቶ አነሳች፤ ብዙውን ጥቅል አሳጥባው እንኳ አታውቅም። የኪራይ ዕቃ ማስቀመጫዋ ክፍያ ሳይከፈል ቀርቶ ንብረቷ በጨረታ የተሸጠው በ2007 እ.ኤ.አ. ነው፤ እሷ በ2009 አረፈች፤ ዓለም ያወቃት ከዚያ በኋላ ነው። ከዚያ ሁሉ ውስጥ የቷን እንደምትወድ አንድም ሰው ሊነግረን አይችልም። እኔ አንዳንዴ ይሄ ያናድደኛል። እሷ ግን ብትጠየቅም ያየ ይየው የምትል ይመስለኛል።

ወደ ራሴ ልመለስ፤ ዛሬ ጠዋት ነው ዋናው ነገር የወጣው።

እስከ ትናንት ማታ ድረስ ያየሁት ቁጥሮቹን ብቻ ነበር። ዛሬ 14ቱንም አንድ በአንድ ሙሉ ስክሪን ላይ ከፈትኳቸው። ከመጀመሪያዋ እስከ ስድስተኛዋ ያሉት የታናሽ እህቴ ናቸው። ጀርባዋን ሰጥታኛለች። በሁሉም ላይ ጀርባዋን ሰጥታኛለች። ሰባተኛና ስምንተኛዋ መሬት፤ ተስፋ ቆርጬ ካሜራውን ሳወርደው ሳይሆን አይቀርም። ዘጠነኛዋ አዛውንቶቹ ናቸው፤ በቀኝ ጠርዝ በኩል ደግሞ ወደ እነሱ የተቀሰረች አንዲት ጣት አለች። ብዥ ያለች፣ ትልቅ፣ የፎቶውን አንድ አምስተኛ የምትሸፍን።

ያኔ ክሮፕ አድርጌ አውጥቻታለሁ። ፎቶው ይጥራ ብዬ። ፈረንሳዊው ፎቶ አንሺ ካርቲየር ብሬሶን ፎቶ መቁረጥ የማይወድ ሰው ነበር፤ በ1932 ያነሳት፣ ሰውየው ከውሃው በላይ ሲዘል የምታሳየው ዝነኛዋ ፎቶ ግን ተቆርጣለች፤ በአጥር ሳንቃዎች መሃል ሌንሱን አሾልኮ ስላነሳት አንዱ ሳንቃ ጥግ ላይ ገብቶበታል። እሱ የቆረጠው እንጨት ነው። እኔ የቆረጥኩት የእህቴን ጣት ነው፤ ቆርጬም ረሳሁት፤ ባዶውን ቦታ ዝናብ ሞላሁበት።

ደወልኩላት።

"ያ የአውቶቡስ ፌርማታ ፎቶ፣ ያን ቀን ዝናብ ነበር እንዴ?"

"የምን ዝናብ? ተጣልተን ነበር እንጂ።"

"በምን?"

"ማታ ልደቱ ላይ ስዘፍን ሰው ፊት ሳቅክብኝ። በማግስቱ ልትታረቀኝ ብለህ ካሜራህን ይዘህ ስትዞረኝ ነበር።"

"እና አዛውንቶቹን ማን አያቸው?"

"እኔ ነኛ! 'እያቸው፣ እያቸው' አልኩህ። ማኩረፌን ረስቼ።"

"ታዲያ ሰባት ዓመት አንድ ሰዓት ጠበቅኩ እያልኩ ሳወራ ዝም ትይኛለሽ?"

ሳቀች። "ደስ ይላል እኮ ስታወራው። በተለይ ዝናቡን እወደዋለሁ።"

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ሙሉውን፣ ያልተቆረጠውን ላኩላት። ግማሽ ገጹን ከፍቼ ብዙ ጽፌ ብዙ ሰረዝኩ፤ እስካሁን የቀረው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ "እህቴ እያቸው አለችኝ" የሚል። ከሰዓት በኋላ መልሷ መጣ።

"የጥፍሬ ቀለም ተልጦ ይታያል። ይሄን ለሰው ካሳየህ እንደገና እንጣላለን።"

ለማተሚያ ቤቱ ልኬዋለሁ።