የምደገፈው ማንን ነው?

ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ጎንደር

ጳጉሜ ስትገባ ደብተር የማወጣ ሰው ነኝ። የቤት ኪራይ፣ የልጆች ትምህርት ቤት፣ እቁብ፣ ለሸማኔው የሚከፈል፣ ከደንበኛ የሚጠበቅ ቀብድ፤ ሁሉንም በየወሩ ከፋፍዬ እጽፋለሁ። ባለቤቴ ይስቅብኛል። «አንቺ እኮ ለእግዜር ምንም ሥራ አላስቀረሽለትም» ይለኛል። ሲቀልድ ነው። ዘንድሮ ግን ቀልዱ ውስጤ ቀረ።

ልብስ ሰፊ ነኝ፤ የሀገር ልብስ። ጎንደር ላይ በዚህ ሥራ የሚኖር ሰው ዓመቱን የሚቆጥረው ከመስከረም አይደለም፣ ከጥር ነው። ጥር 11 ጥምቀት ነው። ከተማው ነጭ በነጭ ይሆናል። ታቦታቱ ወደ አፄ ፋሲል ጥምቀተ ባሕር ይወርዳሉ። እንግዳ ከየአገሩ ይገባል። ከዚያ ወዲህ ዐቢይ ጾም እስኪይዝ ድረስ ሠርግ ነው። እነዚያ ሳምንታት ከደመቁ ቤታችን ቀና ብሎ ይከርማል። ከቀዘቀዙ ክረምቱ ይረዝማል።

ካለፉት ሁለት ሦስት ዓመታት ወዲህ ደግሞ መንገድ ተከፈተ ተዘጋ እያልን ነው የምንኖረው። እንግዳው እመጣለሁ ይልና ይቀራል። ክሩም እንደዚያው ነው። የውጭ ምንዛሪው በገበያ ይመራ ከተባለበት ከሐምሌ 2016 ወዲህ ከውጭ የሚገባው ክር ዋጋው አልቀመስ ብሏል። ደንበኛ ቀሚስ ሲያስለካ ዋጋ ይጠይቃል፤ እኔ ደግሞ አፌን ሞልቼ መናገር ይከብደኛል። ዛሬ ያልኩት ዋጋ ልብሱ እስኪያልቅ ላይቆይ ይችላላ!

ደብተሩ ፊት ተቀምጬ ያሰብኩት ይህንን ነው። ሰው «በእግዚአብሔር ተደገፊ» ሲለኝ እስከ ዛሬ አዲስ ነገር ጀምሪ ያለኝ ይመስለኝ ነበር። ግን ሳልደገፍ የዋልኩበት ቀን የታለ? በመንገዱ እደገፋለሁ። በመብራቱ እደገፋለሁ። በክር ነጋዴው፣ በሸማኔው ጤና፣ አዲስ አበባ ሆና ሥራ በምትልክልኝ ደንበኛዬ እደገፋለሁ። ከእነዚህ አንዱም በእጄ አይደለም። ደብተሬ ላይ ግን ሁሉም በእጄ እንዳለ ሆኖ ነው የተጻፈው።

ቤት ውስጥ ሁለት የስፌት መኪና አለኝ። አንዱ የኤሌክትሪክ ነው። ሌላው እናቴ የሰጠችኝ የእግር ሲንጀር ነው፤ ጥግ ላይ ነጠላ ተጥሎበት ይቀመጣል። መብራት ሲጠፋ ነጠላው ይገፈፋል፣ አቧራው ይጠረጋል፣ ቀበቶው ላላ ጠበቀ ተብሎ ይታያል። መርፌውን በር ላይ ወጥቼ በቀን ብርሃን እሰካለሁ። ከዚያ እግሬ ምቱን እስኪለምድ ድረስ ስፌቱ ይንሻፈፋል። መብራት ሲመጣ ሲንጀሩ ተመልሶ ይሸፈናል። ብዙዎቻችን እግዚአብሔርን እንደዚህ መኪና ነው የያዝነው። ችግር ሲመጣ እንገልጠዋለን፤ ጸሎታችንም እግሩ ሥራ እንደፈታ ሰው ነው፣ መጀመሪያ ላይ ይንሻፈፋል። ነገሩ ሲቃና መልሰን እንሸፍነዋለን። ዘንድሮ ይህን መቀየር እፈልጋለሁ። ዕቅዴ ይሄው ነው፣ ሌላው ሁሉ ከዚህ በኋላ የሚመጣ ነው።

ቤተ ክርስቲያን ራሷ ዕቅድ አትጠላም። እንዲያውም የበዓላትና የአጽዋማት ቀን እንደሚሰላበት እንደ ባሕረ ሐሳብ ያለ ዕቅድ የት አለ! ከአዳም እስከ ክርስቶስ በሚቆጠረው አምስት ሺህ አምስት መቶ ዘመን ላይ 2018 ሲደመር 7518 ይሆናል። ለአራት ሲካፈል ሁለት ይተርፋል፤ ከአራቱ ወንጌላውያን ሁለተኛው ማርቆስ ነው። ስለዚህ የፊታችን ዘመን ዘመነ ማርቆስ ነው። የነነዌ ጾም ጥር 25፣ ዐቢይ ጾም የካቲት 9፣ ትንሣኤ ሚያዝያ 4 ይውላል። ይህ ሁሉ ዓመቱ ሳይገባ ይታወቃል። ልጅ ሆኜ የኔታ ጣታቸውን እየቆጠሩ ሲያወጡት አይቼ ተአምር ይመስለኝ ነበር። አሁን የሚገርመኝ ሌላ ነው። ትንሣኤ መቼ እንደሚውል እናውቃለን፤ ማን እንደሚደርስበት ግን የትኛውም ቀመር አያወጣልንም። አባቶቻችን ይህን ሁሉ አስልተው ሲያበቁ «እንኳን አደረሰን» ብለው የሚመሰጋገኑት ለዚህ ይመስለኛል። መዝሙረኛውም «በቸርነትህ ዓመታትን ታቀዳጃለህ» ነው ያለው። ዓመቱን አክሊል የሚያደርገው ቸርነቱ ነው፣ የእኛ ስሌት አይደለም።

ትናንት ሩፋኤል ነበር። በዚህ ቀን ሰማይ ይከፈታል ይባላል፤ ርኅወተ ሰማይ ነው። ዝናቡም ጠበል ነው። ሰፈራችን ውስጥ ልጆቹ ገና ካፊያው ሲጀምር ልብሳቸውን ጥለው ወጡ። ትንሹ ልጄ ራቁቱን አፉን ወደ ሰማይ ከፍቶ ቆመ። ጎረቤታችን እትዬ ከበራቸው ላይ ሆነው «ኧረ ሳሙናም ጨምሩበት!» ይላሉ። ሁሉም ይስቃል። እኔ ግን ያሰብኩት ባልዲ ነው። ሮጬ ባልዲና ሳፋ ደረደርኩ። ውኃ በቧንቧ በየቀኑ የሚመጣበት ሰፈር አይደለም የምንኖረው፤ ጎንደሬ የሆነ ይህን ያውቀዋል። ልጄ ጠበሉን ይጠጣል፣ እናቱ ታጠራቅማለች።

ማጠራቀሙ ግን ኃጢአት አይደለም። ይህን ነገር ብዙ ጊዜ አውጥቼ አውርጄዋለሁ። አቡነ ዘበሰማያት ላይ «የዕለት እንጀራችንን ስጠን ዛሬ» እንላለን። የዓመት አላለም። እስራኤልም በምድረ በዳ መና የሚለቅሙት የቀናቸውን ብቻ ነበር። ለነገ ያሳደሩት ተላ፣ ሸተተም። ግን እዚያው ምዕራፍ ላይ በስድስተኛው ቀን እጥፍ ልቀሙ ተብለዋል፤ ያኛው ደግሞ አልተላም። ዮሴፍም በግብፅ የሰባት ዓመት እህል አከማችቷል። ስለዚህ በርበሬዬን በበጋ አድርቄ፣ ሽሮዬን አስፈጭቼ ማስቀመጤ እምነት ማጣት አይደለም። እናቴን ስጠይቃት «ማሰሮሽን ሙዪ፣ ልብሽን ግን ማሰሮው ውስጥ አትክተቺው» አለችኝ። ፊደል ያልቆጠረች ሴት ናት። አንዳንዴ ከሰባኪ ይልቅ እሷ ታስረዳኛለች።

እንግዲህ ልዩነቱ ማሰሮው አይደለም ማለት ነው። ሌሊት ስነቃ የማስበው ነገር ነው። ጌታችን «ለነገ አትጨነቁ» ሲል «አትሥሩ» አላለም፤ «ለቀኑ ክፋቱ ይበቃዋል» ነው ያለው። ይህን ቃል ድሮ ሳነበው ማጽናኛ ብቻ ይመስለኝ ነበር። አሁን ግን ልኬት ሆኖ ነው የሚታየኝ። የዛሬን ክፋት የምችልበት አቅም ተሰጥቶኛል። የጥርን ጭንቀት በጳጉሜ ስሸከም ያልተሰጠኝን ነው የምሸከመው።

ወደ ከባዱ ልምጣ። ያደግሁት እዚሁ ጎንደር ያለውን የደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ታሪክ እየሰማሁ ነው። በ1880 ዓ.ም. ከሱዳን የመጣው የድርቡሽ ጦር ጎንደርን ሲያቃጥል ከሥላሴ ግቢ ንብ ወጥቶ መለሳቸው ይባላል። ቤተ ክርስቲያኑ ተረፈ። ዛሬም ገብቼ ቀና ስል ጣሪያው ላይ ያሉት መላእክት በሰፋፊ ዓይኖቻቸው ያዩኛል። አንዱ ወደ ግራ፣ አንዱ ወደ ቀኝ፤ ሁሉም ክንፍ እንጂ እጅ የላቸውም። ልጅ ሆኜ የትኛው የእኔ እንደሆነ እመርጥ ነበር።

ታሪኩን እወደዋለሁ። ግን አንድ ነገር ማንም አይነግረንም ነበር። በዚያው ጊዜ አብዛኞቹ የጎንደር አድባራት ነደዋል። እዚያም ካህናት ነበሩ። እዚያም ማኅሌት ይቆም ነበር። እዚያም የተለኮሰ ጧፍ፣ የተሳለ ስእለት፣ «አድነን» ያለ ሰው ነበር። ንብ ግን አልወጣላቸውም። እነሱ በእግዚአብሔር አልተደገፉም ልንል ነው? እኔ እንዲህ ለማለት አፌ አይታዘዝልኝም።

በየዓመቱ ታኅሣሥ 19 ቀን ስለ ሠለስቱ ደቂቅ፣ ለምስል አንሰግድም ብለው እሳት ውስጥ ስለተጣሉት ሦስት ወጣቶች፣ እንሰማለን። ገብርኤል እሳቱን እንዳበረደው እንዘምራለን። ከእሳቱ በፊት ለንጉሡ የመለሱት መልስ ግን እንደ መውጣታቸው አይነገርም። አምላካችን ሊያድነን ይችላል፤ ባያድነን እንኳ ላቆምከው ምስል አንሰግድም አሉት። ይህን ሲሉ የገብርኤልን መምጣት አላወቁም። እምነታቸው ሙሉ የሆነው ከእሳቱ በር ላይ ነው፣ ውስጥ ገብተው አይደለም። የተረፉትን ብቻ እያየሁ መደገፍን ብማር ጥምቀት የቀዘቀዘ ቀን እምነቴም አብሮ ይቀዘቅዛል። ንቡን ያዩትም ያላዩትም የአንድ አምላክ ልጆች ነበሩ። ለመጪው ዓመት የምፈልገው ይህን ዓይነት መደገፍ ነው። አገኘዋለሁ ወይ? እንጃ። እጸልያለሁ።

«ዐሥር ስጥ፣ መቶ ይመለስልሃል» የሚሉ ሰባኪዎችን የማልወደውም ለዚህ ነው። ያ መደገፍ አይደለም፣ ንግድ ነው። ንግድ ደግሞ እኔ በቀን ስሠራው የምውለው ነገር ነው፣ ጸሎት ላይ ልድገመው አልፈልግም።

የማደርገው ትልቅ ነገር አይደለም። ጠዋት ስልክ ከመክፈቴ በፊት የቀኑን ውዳሴ ማርያም እደግማለሁ። ለየቀኑ ተከፍሎ የተቀመጠ ነውና የሰኞውን ሰኞ፣ የማክሰኞውን ማክሰኞ፤ ለሳምንት የሚሆን አላጠራቅምም። ንስሐ አባታችንንም ዐቢይ ጾም ሲደርስ ብቻ ሳይሆን በመሀልም አያቸዋለሁ። ሰውም ሲረዳኝ እሺ ማለት እለምዳለሁ። ይሄ ከሁሉም ይከብደኛል። ባለፈው በጋ ታምሜ ስተኛ የጽዋ ማኅበራችን ሴቶች ተራ ገብተው ወጥ ሠርተው አመጡልኝ። አንዷ የጀመርኩትን ጥልፍ ሳይቀር ወስዳ ጨረሰችልኝ፤ ጠርዙን ከእኔ አሳምራዋለች፣ ልክድ አልችልም። እኔ ግን አመሰግናለሁ ከማለቴ በፊት በምን እከፍላቸዋለሁ ብዬ ሳሰላ ነበር። እግዚአብሔር ሲረዳ ብዙ ጊዜ በሰው እጅ ነው የሚረዳው። በእሱ እደገፋለሁ እያልኩ የላካቸውን ሰዎች «አይ፣ አታስቸግሩ» ብዬ ከበር የምመልስ ከሆነ ምኑን ተደገፍኩት?

የቀረው አሥራት ነው። እስከ ዛሬ ሁሉ ተከፍሎ የተረፈ ካለ ነበር የምሰጠው። ሁልጊዜ ደግሞ አይተርፍም። ዘንድሮ ከሁሉ በፊት ይውጣ አልኩ፤ ከኪራዩም፣ ከክሩም፣ ከእቁቡም በፊት። ገቢዋ የማይታወቅ ሰው እንዲህ ስትል መደገፍ ወሬ መሆኑ ያበቃል፤ ኪስ ጋ ይደርሳል። ማታ ለባለቤቴ ነገርኩት። ሻዩን አስቀመጠና ትንሽ አሰበ።

«ጥሩ ነው» አለ። «ግን ከየትኛው ነው የምናወጣው? ከገባው ነው ወይስ ወጪ ተቀንሶ ከተረፈው?»

እኔም አላውቀውም። የጨርቁን ዋጋ ቀንሰን ከሆነ ሌላ ሂሳብ ነው፣ ሳንቀንስ ከሆነ ሌላ ነው። ተከራከርን። እሱ ከትርፉ ነው ይላል፣ እኔ ከገባው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አባን እንጠይቃቸዋለን።