ጥይት እራሴ እየሞላሁ ዋራንቲውን እንዴት እንዳላጣሁት

አዲስ ጠመንጃ ስትገዙ ማኑዋሉ ውስጥ አንድ የማትቀር ነገር አለች፣ ፋብሪካ ያልሰራው ጥይት ከተኮሳችሁበት ዋራንቲው አይሰራም ትላለች። ሁሉም ይፅፋታል ማለት ይቻላል። እኔ ደሞ ኮሎራዶ ነው ያለሁት፣ ኤልክ (ትልቅ የአጋዘን ዘር) የማድነው 308 ዊንቸስተር በሚባለው የጥይት አይነት ነው፣ ጥይቱንም ጋራዤ ውስጥ እራሴ ነው የምሞላው፣ ማለት የተተኮሰውን ቀለህ አንስቼ አዲስ ፕራይመር (ባሩዱን የሚለኩሰው ትንሽ ቆብ)፣ ባሩድና አረር እገጥምበታለሁ። ስለዚ እንዴት እንደማደርገውና ምን እንደተማርኩ ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ስለ ብር። በ2020 ኮቪድ መጥቶ የሱቁ መደርደሪያ ባዶ ሲሆን ነው የጀመርኩት፣ ግን ያኔ ፕራይመሩም አብሮ ጠፍቶ አንድ ሺው 30 ምናምን ዶላር የነበረው መቶ አልፎ ነበር፣ እና ርካሽ ይሆንልኛል ብሎ የሚገባ ሰው ይሸወዳል፣ ብር አይተርፍም፣ በዛው ብር ብዙ መተኮስ ነው ትርፉ። ዋናው ወጪ ቀለሁ ነው፣ እሱ ደሞ ተመልሶ ይሞላል። በነገራችን ላይ ውጅግራ በሚባለው የድሮ ጠመንጃ ዘመን እኛ አገር ጥይት ልክ እንደ አሞሌ ጨው ገበያ ላይ ዕቃ ይገዛበት ነበር፣ ስለዚ መሬት ላይ ጎንበስ ብዬ ቀለህ ስለቅም የሚስቁብኝ ጓደኞቼ ታሪክ ያንብቡ።

ካምፓኒዎቹ ለምን እንደሚፈሩ ሳስበው ግን እውነት አላቸው። ሳሚ የሚባል ከ1926 ጀምሮ ያለ የአሜሪካ አምራቾች ማህበር አለ፣ የእያንዳንዱን ጥይት የግፊት ጣሪያ የሚያወጣው እሱ ነው፣ ለ308 ጣሪያው 62,000 ፒኤስአይ (ፓውንድ በስኩዌር ኢንች) ነው። የጥይት ፋብሪካ ግፊቱን በመሳሪያ ይለካል፣ እኔ ጋራዥ ውስጥ ግን እንደዛ አይነት መሳሪያ የለም። ጠመንጃውን የሰራው ሰውዬ እኔ ጠንቃቃ ልሁን ሰካራም ልሁን በምን ያውቃል? 

በእጅ ሲሞላ መሳሪያ ከሚያፈነዱት ነገሮች ዋናዎቹ ሁለት ናቸው። አንደኛው አንዱን ቀለህ ሁለቴ ባሩድ መሙላት ነው። ሁለተኛው ባሩድ መርሳት ነው፣ ፕራይመሩ ብቻውን አረሩን ገፍቶ በርሜሉ ውስጥ ይሰነቅረዋል፣ ድምፁ ጠፍ ብሎ ነው የሚወጣው፣ ያንን ሳያስተውል ደግሞ የተኮሰ ሰው አለቀለት። የ9 ሚሊ ሽጉጥ ላይ ይሄ ይብሳል ምክንያቱም ቶሎ የሚነድ ባሩድ ትንሽ ነው የሚገባው፣ እጥፉም ቀለሁ ውስጥ ተደብቆ ይቀመጣል። 308 ላይ ግን ልኩ ራሱ ቀለሁን ሊሞላው ይቀርባል፣ ሁለቴ ቢጨመር ፈሶ ጠረጴዛው ላይ ይታያል። በዚ ምክንያት ነው በጠመንጃ የጀመርኩት፣ ለጀማሪም የምመክረው ይሄንኑ ነው።

ጠረጴዛዬ ላይ በአንድ ጊዜ አንድ ባሩድ ብቻ ነው የሚኖረው፣ ስልክ አይገባም፣ አረሩን ከመግጠሜ በፊት ሙሉውን ትሪ በባትሪ እያበራሁ አንድ በአንድ አየዋለሁ። ልኩን የማወጣው ባሩዱን ወይ አረሩን የሰራው ካምፓኒ ካሳተመው መፅሀፍ ብቻ ነው፣ መፅሀፉ ከሚለው ከፍተኛ የባሩድ ልክ ወደ 10 ፐርሰንት ዝቅ ብዬ ጀምሬ ትንሽ ትንሽ እያልኩ እወጣለሁ። ፕራይመሩ ከተጠፈጠፈ፣ ቦልቱ (የጠመንጃው መዝጊያ) ሲከፈት ከከበደ፣ የቀለሁ ቂጥ ላይ የሚያብለጨልጭ ጭረት ካለ ግፊቱ በዝቷል ይባላል፣ እውነት ነው ግን እነዚህ ምልክቶች የሚመጡት ከረፈደ ነው፣ ስለዚ ፍጥነት የሚለካ ክሮኖግራፍ ገዛሁ፣ ፍጥነቱ መፅሀፉ ካለው በላይ ከሆነ ግፊቱም በላይ ነው ብዬ ነው የምይዘው። እና ሰው የሞላውን አልተኩስም፣ ወንድሜም ቢሆን። የኔንም ለማንም አልሰጥም። ለራስ መሙላት በፌደራል ህግ ፈቃድ አይጠይቅም፣ ለመሸጥ መሙላት ግን ላይሰንስ ያስፈልገዋል።

አሁን ወደ ዋራንቲው። አንድ ጊዜ ኤክስትራክተሩ፣ ያቺ ቀለህ ጎትታ የምታወጣው ጥፍር፣ አልይዝ አለች። ከመደወሌ በፊት የፋብሪካ ጥይት ገዝቼ ተኮስኩ፣ ችግሩ ያው ነው፣ በቪዲዮ ቀረፅኩት። ምን ጥይት ትጠቀማለህ ሲሉኝ ሁለቱንም አልኩ፣ አልዋሸሁም፣ ቪዲዮውንና ባሩዱ፣ ልኩ፣ ፍጥነቱ ሁሉ ቀኑ ተፅፎ ያለበትን ደብተር ኮፒ አድርጌ ላኩላቸው። ሰሩልኝ፣ የመላኪያውን ብቻ እኔ ከፈልኩ። ከ1975 ጀምሮ ማግኑሰን ሞስ የሚባል ህግ አለ፣ ካምፓኒ የኛን ብራንድ ዕቃ ካልገዛህ ዋራንቲ የለህም እንዳይል ይከለክላል፣ ብዙ ሰው ይሄን ሰምቶ ልቡ ያብጣል። ግን ህጉ የሚያወራው ስለ ብራንድ ነው፣ ጉዳቱ የመጣው አንተ ከሞላኸው ጥይት ነው ብለው ካሳዩ አያድንህም። ከግፊት የተሰነጠቀ በርሜል ደሞ ድሮም የፋብሪካ ስህተት አይደለም፣ ማኑዋሉ ላይ ባይፃፍም።

ስለዚ አሁን አዲስ መሳሪያ ስገዛ መጀመሪያ የፋብሪካ ጥይት ነው የምተኩስበት፣ ጉድለት ካለው ያኔ ይውጣ፣ ቀለሁም ለኋላ ይቀመጥልኛል። ቤት ለመጠበቅ የያዝኩት ሽጉጥ ውስጥ ግን የራሴን ጥይት አላጎርስም፣ እሱ ላይ ደብተር የሚያይልኝ ካምፓኒ ሳይሆን ፍርድ ቤት ሊሆን ይችላል።