14ኛው ቀን የሁላችንም አይደለም

ባለቤቴ ከአንድ ዓመት በላይ ፈቃድ ሲወስድ የነበረው በእኔ ቆጠራ ነው። እሱ ሥራው ጅማ፣ እኔ አዲስ አበባ። በወር አንዴ ለአራት ቀን ይመጣል፣ መቼ እንደሚመጣ የምነግረው እኔ ነኝ። ወጥ ቤታችን በር ላይ የቀን መቁጠሪያ ተሰቅሏል። ፔሬዴ የጀመረበትን ቀን በቀይ እስክሪብቶ አከብባለሁ፣ ከዚያ 14 ቆጥሬ ለማርገዝ ይሻላል የተባለውን ቀን በሰማያዊ። ትኬት የሚቆረጠው በሰማያዊዋ ቀን ዙሪያ ነው።

ልጅ ግን የለም። ቀይ፣ ሰማያዊ፣ እንደገና ቀይ።

14 የሚለውን ቁጥር ማን እንደነገረኝ እንኳ አላስታውስም። ሁላችንም እንዲሁ ነው ይዘነው ያደግነው። በትምህርት ቤት የምናየው ሥዕል የ28 ቀን ዑደት ነው፣ እንቁላል የምትወጣው መሃል ላይ፣ በ14ኛው ቀን። በ28 ቀኗ ለምታይ ሴት ልክ ነው። እኔ ግን ከልጅነቴ ጀምሮ በ35 ቀኔ ነው የማየው። ይሄ በሽታ አይደለም፣ ለአዋቂ ሴት ከ21 እስከ 35 ቀን ያለው ሁሉ ጤነኛ ነው። ብቻ ለእኔ ቁጥሩ ሌላ መሆን ነበረበት፣ ያንን የነገረኝ ሰው አልነበረም።

በራሴ ቀን ላሳያችሁ። የዚያን ዓመት ፔሬዴ መስከረም 5 ጀመረ። አንድ ተብሎ የሚቆጠረው ደም የታየበት የመጀመሪያው ቀን ነው፣ ያለቀበት አይደለም (ብዙ ጓደኞቼ ይህችን ይሳሳታሉ)። 14ኛው ቀን መስከረም 18 ላይ ዋለ፣ የመስቀል ማግስት። ባለቤቴ ለደመራ ገባ፣ በ19 ማታ ተመለሰ። ቀጣዩ ፔሬዴ ጥቅምት 10 መጣ። እስቲ ከጥቅምት 10 ወደ ኋላ 14 ቀን ቁጠሩ። መስከረም 26 ላይ ትደርሳላችሁ። እንቁላሌ የወጣችው እሱ ጅማ ከተመለሰ ከሳምንት በኋላ ገደማ ነው ማለት ነው። ይህንን ወረቀት ላይ ያየሁ ቀን ወጥ ቤት ወለል ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ለምን ወደ ኋላ ይቆጠራል? ከሴት ሴት በጣም የሚለያየው የዑደቱ የመጀመሪያ ክፍል ስለሆነ ነው። በዚያ ጊዜ እንቁላሏ ኦቫሪ (እንቁላል የሚያመርተው የሴት አካል) ውስጥ፣ ትንሽዬ ከረጢት ውስጥ ሆና እየበሰለች ነው፣ ከረጢቷም ኤስትሮጅን የሚባለውን ሆርሞን ታመነጫለች። የአንዷ በ10 ቀን ይደርሳል፣ የእኔ 3 ሳምንት ይፈልጋል። ኤስትሮጅኑ ከፍ ሲል ከአንጎል ሥር ካለችው ዕጢ ኤልኤች የሚባለው ሆርሞን ባንዴ ይለቀቃል፣ ከዚያ በአንድ ቀን ተኩል ገደማ እንቁላሏ ትወጣለች። ባዶ የቀረችው ከረጢት ደግሞ ሥራ አላት። ፕሮጄስትሮን የሚባል ሌላ ሆርሞን ማምረት ትጀምራለች፣ ማህፀንን ለጽንስ የሚያዘጋጀው እሱ ነው። ዕድሜዋ ግን 2 ሳምንት ገደማ ብቻ ነው። ጽንስ ካልመጣ ትከስማለች፣ ፕሮጄስትሮን ይወርዳል፣ ፔሬድ ይመጣል። ስለዚህ ይብዛም ይነስም ቋሚ የሆነው የኋለኛው ክፍል ነው። ታመሽ ወይም ሐዘን ደርሶብሽ ፔሬድሽ ሲዘገይ፣ አብዛኛውን ጊዜ የዘገየችው እንቁላሏ ናት።

ይህንን ነገር ከመቶ ዓመት በፊት ያገኘው ኪዩሳኩ ኦጊኖ የሚባል የጃፓን ሐኪም ነው። ኒጋታ በምትባል ከተማ ይሠራ ነበር። ሴቶችን ቀዶ ሕክምና ሲያደርግ ኦቫሪያቸውን እያየ፣ ከወር አበባቸው ቀን ጋር እያመሳከረ፣ እንቁላል የምትወጣው ከሚቀጥለው የወር አበባ በፊት ከ12 እስከ 16 ቀን ባለው ውስጥ እንደሆነ በ1924 እ.ኤ.አ. አሳተመ። ሰውየው የቆጠረው ወደ ኋላ ነበር። ለእርግዝና መከላከያ መዋሉን እንዳልወደደው ሳነብ ደግሞ ገረመኝ፣ እውነቱን ነው፣ ቆጠራ ብቻውን መከላከያ አይሆንም። እንቁላሏ አንድ ወር ቀድማ በሌላው ዘግይታ ትወጣለች።

እንቁላሏ ከወጣች በኋላ የምትቆየው ከ12 እስከ 24 ሰዓት ብቻ ነው። የወንድ ዘር ግን ሴቷ ውስጥ እስከ 5 ቀን ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ የሚጠቅሙት ቀኖች ከመውጣቷ በፊት ያሉት ናቸው፣ ለእኔ ከመስከረም 21 እስከ 26።

አሁን ደግሞ እስከ ዛሬ የሚያናድደኝን ልንገራችሁ። አንድ ክሊኒክ ሄጄ የፕሮጄስትሮን ምርመራ ታዘዘልኝ። «በ21ኛው ቀን ነይ» ተባልኩ፣ ሄድኩ፣ ደም ሰጠሁ። ውጤቱ ዝቅተኛ ነው፣ «እንቁላል እያመረትሽ አይደለም» ተባልኩ። በስንት ቀንሽ ነው የምታዪው ብሎ የጠየቀኝ አንድ ሰው የለም! ያ ምርመራ የሚሠራው ከሚቀጥለው ፔሬድ 7 ቀን ቀድሞ ነው። 28 ቀን ለሆነች 21ኛው ቀን ላይ ይውላል፣ ለእኔ ግን 28ኛው ቀን አካባቢ ነው። እንቁላሌ ሳትወጣ ነው የመረመሩኝ። ከሁለት ወር በኋላ ሌላ ሐኪም ዘንድ በትክክለኛው ቀን ሲደገም ውጤቱ ደህና ሆነ። በመሃል ያሳለፍኳቸውን ሌሊቶች ግን ማን ይመልስልኛል።

በዚያ ሁሉ ጊዜ ጥያቄው የሚመጣው ወደ እኔ ነበር። ጎረቤቴ «ምነው ዝም አልሽ?» ትላለች። አማቴ ክፉ ሰው አይደሉም፣ ጸበል ይዘውልኝ ይመጣሉ፣ «ጠጪ ልጄ» ይሉኛል፣ ልጃቸውን ግን «አንተስ ተመርምረሃል?» ብለውት አያውቁም። በመካንነት ምክንያት ከሚቸገሩ ጥንዶች ግማሽ ያህሉ ዘንድ የወንዱም ድርሻ አለበት፣ ብቻውን ወይም ከሴቷ ጋር። የወንድ ዘር ምርመራ ደግሞ በዕቃ ናሙና ሰጥቶ መሄድ ነው፣ አያምም። የእኔ ባለቤት ሳይከራከር ሄደ፣ ደህና ነበር። የማይሄዱ አሉ። ሚስቶቻቸው ማህፀን ውስጥ መድኃኒት ተረጭቶ ራጅ ሲነሱ ኮሪደር ላይ ቁጭ ብለው የሚጠብቁ ወንዶች አይቻለሁ፣ ራሳቸው ግን አንዴም ያልተመረመሩ።

እንቁላል መቃረቧን ሰውነት ይናገራል። ፈሳሽሽ እንደ ጥሬ እንቁላል ነጩ ክፍል ግልጽ ሆኖ በሁለት ጣት መሃል ሲለጠጥ ቀኑ ደርሷል። ከፋርማሲ የሚገዛው በሽንት የሚሠራ የኤልኤች መመርመሪያም አለ። ጠዋት ከአልጋ ሳይወረድ የሚለካ ሙቀት እንቁላሏ ከወጣች በኋላ ትንሽ ይጨምራል፣ እሱ ግን ካለፈ በኋላ ነው የሚነግርሽ። ፔሬድሽ ለመምጣት ከ35 ቀን በላይ እየቆየ ወይም ወር በወር እየተዘበራረቀ ከሆነ ግን ቆጠራውን ተይውና ታይሮይድሽን (የአንገት ዕጢሽን) አስመርሚ፣ ፕሮላክቲን የሚባለውን የጡት ወተት ሆርሞንሽንም፣ ኦቫሪሽንም በአልትራሳውንድ ይዩልሽ። ዕድሜሽ ከ35 በታች ከሆነ 1 ዓመት፣ ከ35 በላይ ከሆነ 6 ወር ሞክሮ አለመሳካት ወደ ሐኪም ለመሄድ በቂ ነው። ቀኑ ልክ ሆኖም በአንድ ወር ውስጥ የማርገዝ ዕድል ለጤነኛ ጥንዶች ከአራት አንድ ገደማ ነው፣ በመጀመሪያው ወር ካልሆነ አትደንግጪ።

እኛም ፈቃዱን በ8 ቀን ገፋነው። አራተኛው ወር ላይ ቀይ ሳይከበብ ቀረ።

ባለፈው ሳምንት የአክስቴ ልጅ ደወለችልኝ። ካገባች 10 ወር ሆኗታል። ድምጿ ዝቅ ብሎ «እኔ እኮ በትክክል 14 ቆጥሬ ነው» አለችኝ። የመጨረሻዎቹን ስድስት ወሮች ፔሬድሽ የጀመረባቸውን ቀኖች ጽፈሽ ላኪልኝ አልኳት። ማታ ላከችልኝ። በመሃላቸው ያሉትን ቀኖች ቆጠርኩ። 32፣ 33፣ 31፣ 33፣ 32። እስክሪብቶ አነሳሁ።