በአደባባይ በድዬ በጓዳ ይቅርታ ጠየቅሁ

ካህን ስለ ንስሐ ሲጽፍ የተናዛዦችን ታሪክ የሚጠብቅ አንባቢ አይጠፋም። ከእኔ ግን አያገኝም። በኑዛዜ የሰማሁት ሁሉ አብሮኝ መቃብር ይወርዳል። የካቶሊክ ቤተክርስቲያናችን ሕግ በዚህ ጉዳይ ዋዛ አያውቅም፤ የኑዛዜን ምሥጢር በቀጥታ የገለጠ ካህን ፍርድ እንኳ ሳይጠበቅ በድርጊቱ ብቻ ይወገዛል። ተናዛዥ ግን የራሱን መናገር ይችላል። ስለዚህ የምጽፈው የራሴን ነው።

ቆሞስ፣ ማለትም የአንድ ቁምስና (አጥቢያ) ኃላፊ ካህን፣ ሆኜ በተሾምኩ በሦስተኛው ዓመት ነው። የቁምስናው ምክር ቤት ተሰብስቦ የጣሪያውን ጥገና ሒሳብ እያየን ነበር። አንድ ደረሰኝ ጎደለ። ገንዘብ ያዧ በዕድሜ እናቴ የሚሆኑ ሴት ናቸው። «ጠዋት ለእርስዎ ሰጥቻለሁ፣ አባ» አሉኝ። አልተቀበልኩም አልኩ። በዚያ ቀን ሁለት ቀብር ነበረኝ፤ ደክሞኛል፣ ርቦኛል። ይህ ምክንያት አይሆንም። ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ በአሥራ አንድ ሰው ፊት፣ «የቤተክርስቲያን ገንዘብ እንዲህ አይያዝም!» አልኳቸው።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ሴትዮዋ አንድ ቃል አልመለሱም። የሒሳብ ደብተሩን ቀስ ብለው ዘጉት። እስክሪብቶውን ደብተሩ ላይ አስተካክለው አስቀመጡ። ቦርሳቸውን አንሥተው ወጡ። እኔም ወደሚቀጥለው አጀንዳ አለፍኩ።

በማግስቱ ዓይኔን በጨው አጥቤ ቀደስኩ። ጌታ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 5 ላይ መባውን ይዞ የመጣ ሰው ወንድሙ እንደተቀየመው ትዝ ካለው፣ መባውን እዚያው ትቶ መጀመሪያ እንዲታረቅ ያዘዘውን ስንት ጊዜ ሰብኬበታለሁ! ያን ቀን ግን ትዝም አላለኝ።

ደረሰኙ የተገኘው ከሳምንት በኋላ፣ ሌላ ቀብር ላይ ነው። የጸሎት መጽሐፌን የሙታን ጸሎት ጋ ስገልጠው ገጹ መሀል ተጣጥፎ ተቀምጧል። ያን ጠዋት ከእጃቸው ተቀብዬ፣ ለቀብሩ ስጣደፍ የገጽ ምልክት አድርጌው ኖሯል። ሬሳው ፊት ቆሜ እያነበብኩ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሰዎች ለሟቹ ያዘንኩ መስሏቸው ነበር።

የዚያኑ ዕለት ማታ ቤታቸው ሄድኩ። በሩን ራሳቸው ከፈቱልኝ። አጥፍቻለሁ፣ ይቅር ይበሉኝ አልኩ። «ይቅር ለእግዚአብሔር፣ አባ» አሉኝ። ቀለል ብሎኝ ተመለስኩ። እሑድ ሲደርስ ግን ቦታቸው ባዶ ነበር። በቀጣዩም እሑድ እንዲሁ። እውነቱን ልናገር፣ ቅር አለኝ። ይቅርታ ጠይቄ የለ? ከዚህ በላይ ምን ላድርግ? አልኩ በልቤ።

ይህንኑ ይዤ ወደ ነፍስ አባቴ ሄድኩ። ሽማግሌ መነኩሴ ናቸው፤ ብዙ አይናገሩም። ሰምተውኝ ሲያበቁ ሁለት ነገር ብቻ ጠየቁኝ።

«ያዋረድካቸው የት ነው?»

«ስብሰባ ላይ።»

«ይቅርታ የጠየቅካቸውስ?»

«ቤታቸው።»

ዝም አሉ። እኔም ዝም አልኩ። መልሱ ጥያቄው ውስጥ ነበር። ቀኖናዬን ሰጡኝ፤ ያቆሰልክበት ቦታ ሄደህ አክም የሚል ነበር። ከዚያ ፈቱኝ።

የቤተክርስቲያናችን ጳጳሳት የተሰበሰቡበት የትሬንት ጉባኤ እ.አ.አ. በ1551 ከንስሐ ገቢው የሚጠበቁትን ሦስት ነገሮች ለይቶ አስቀምጧል፦ ከልብ መጸጸት፣ መናዘዝ፣ መካስ። ትምህርተ ክርስቶስ ስናስተምር እናስጠናዋለን፤ እኔም አስጠንቻለሁ። ሦስተኛውን ግን ሦስት ጊዜ «አባታችን ሆይ» ወደ ማለት አሳንሼው ነበር። ፍትሐት፣ ማለትም ካህኑ ተናዛዡን መፍታቱ፣ ኃጢአትን ያስወግዳል፤ ኃጢአቱ ያደረሰውን ጉዳት ሁሉ ግን አይጠግንም። የሰረቀ ይመልሳል፣ ስም ያጠፋ ስም ያድሳል። ዘኬዎስ ጌታን ቤቱ ሲቀበል አዝኛለሁ ብሎ አላቆመም፤ የሀብቱን ግማሽ ለድሆች፣ የቀማውንም አራት እጥፍ እመልሳለሁ ብሎ ቁጥር ጠራ። ንስሐ ቁጥር፣ ቦታና ሰው እንዳለው ያን ቀን ገባኝ።

በሚቀጥለው ስብሰባ ጸሎት እንዳደረስን ተነሣሁ። ሴትዮዋ እንዲመጡ ለምኛቸው ነበር፤ አልመጡም። አሥራ አንዱም ሰዎች ግን ነበሩ። ደረሰኙን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩና የት እንዳገኘሁት ተናገርኩ። ከዚያ ጸሐፊውን ያለፈውን ቃለ ጉባኤ እንዲያነብልን ጠየቅሁት። «ገንዘብ ያዧ ደረሰኙን ማቅረብ አልቻሉም» ይላል። ይህን ስሰማ ነው በደሌ በወረቀት ላይ በማኅተም ተቀምጦ እንደነበር ያወቅሁት። እኛ ሁላችን ካለፍን በኋላ ያንን መዝገብ የሚገልጥ ሰው እሳቸውን ነበር የሚጠረጥረው። «ደረሰኙ በቆሞሱ እጅ ነበር፤ ገንዘብ ያዧ በወቅቱ አስረክበዋል» ተብሎ እንዲታረም ጠየቅሁ፤ ፈረምኩበት። በዚያ ምሽት ካደረግሁት ሁሉ ከባዱ ይህ ፊርማ ነበር። ንግግር ይረሳል፣ መዝገብ ይቀራል።

ስለ ቁምስናው ኑዛዜም ማሰብ የጀመርኩት ከዚያ በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ ሰው ለምን አይናዘዝም እያልኩ ከመድረክ ላይ እወቅስ ነበር። ብዙዎቹ ከፋሲካ በፊት አንዴ ብቅ ይላሉ፤ ከዚያ እስከ ዓመቱ። ቆም ብዬ ሳየው ጥፋቱ የእነሱ ብቻ አልነበረም። የኑዛዜ ሰዓታችን «ከቅዳሴ በፊት 10 ደቂቃ» ነበር። እስቲ አስቡት፤ ሃያ ዓመት ያልተናዘዘ ሰው፣ ጎረቤቱ ሁሉ ከኋላው ተቀምጦ እያየው፣ ሰዓቱን የሚያይ ካህን ፊት በ10 ደቂቃ ውስጥ ምን ሊል ይችላል? እ.አ.አ. የ1983ቱ ሕገ ቀኖና፣ የቤተክርስቲያናችን የሕግ መጽሐፍ፣ እረኞች ለምእመናን በሚመች ቀንና ሰዓት ኑዛዜ እንዲሰሙ ያዛል። ለምእመናን በሚመች ነው የሚለው፤ ለካህኑ አይደለም።

የመናዘዣው ክፍል ደግሞ ዕቃ ቤት ሆኖ ነበር። መጥረጊያ፣ የደረቀ አበባ ያለበት ማስቀመጫ፣ የተሰበረ ወንበር። ራሴ አወጣሁት። በካህኑና በተናዛዡ መካከል የሚሆነውን ወንፊት አጸዳሁት፤ ፊቱን ማሳየት የማይፈልግ ሰው መብቱ ነውና። በተናዛዡ በኩል አንድ ካርድ አስቀመጥኩ። ምን ብለህ ትጀምራለህ፣ ምን ትናገራለህ፣ የጸጸት ጸሎቱ የትኛው ነው፤ ያ ብቻ። ብዙ ሰው ከኑዛዜ የሚቀረው ኃጢአቱን አፍሮ ብቻ እንዳይመስላችሁ። አደራረጉን ረስቶታል፤ ረሳሁ ማለት ደግሞ ያሳፍረዋል።

ከዚያ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ለሁለት ሰዓት፣ ረቡዕ ምሽት ደግሞ ለአንድ ሰዓት መቀመጥ ጀመርኩ። መብራቱን አበራለሁ፣ መጎናጸፊያዬን አንገቴ ላይ አደርጋለሁ፣ እጠብቃለሁ። የመጀመሪያዎቹ አምስት ቅዳሜዎች ማንም አልመጣም። ማንም! ስልኬን ይዤ መግባት አማረኝ፤ ውጭ ትቼው ገባሁ። ቅዱስ ዮሐንስ ማርያም ቪያኒ ትዝ ይለኝ ነበር። እ.አ.አ. በ1818 አርስ የምትባል ትንሽ የፈረንሳይ መንደር ሲመደብ ሕዝቡ ለእምነቱ ቀዝቃዛ ነበር። እሱ ግን ስለ እነሱ ይጾምና ይጸልይ ነበር። በስተመጨረሻ ከሩቅ አገር ሰው እየጎረፈ በቀን እስከ 16 ሰዓት መናዘዣ ውስጥ ይቀመጥ ጀመር። ለእኔ ትልቁ ነገር 16 ሰዓቱ አይደለም። ማንም ባልመጣበት ጊዜ ያደረገው ነው። በእነዚያ ባዶ ቅዳሜዎች የቁምስናውን መዝገብ ይዤ ገባሁና በየስማቸው እየጠራሁ ጸለይኩላቸው። ስማቸውን የማላውቅ ስንት ሰዎች እንዳሉ ያወቅሁትም ያኔ ነው።

በስድስተኛው ቅዳሜ የበሩ እጀታ ሲንቀሳቀስ ሰማሁ። ከዚህ በኋላ ያለውን አልነግራችሁም።

በዐቢይ ጾም ደግሞ የጎረቤት ቁምስና ካህናትን ጠራሁ። እ.አ.አ. በ2014 በርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ የተጀመረው «24 ሰዓት ለጌታ» የጸሎት ጊዜ ላይ ቤተክርስቲያኑን ክፍት አደረግን። አንዳንዱ ሰው ለማያውቀው ካህን መናዘዝ ይቀለዋል፤ ይህን እንደ ንቀት ቆጥሬ ቅር ይለኝ የነበረበት ጊዜ ነበር። አሁን እኔው እጠራቸዋለሁ።

ያልጠበቅሁት ችግር ስብከት ላይ መጣ። ኑዛዜ በበዛ ቁጥር አፍህ ይታሰራል። የሰማኸውን አለመናገር ብቻ አይደለም፤ ተናዛዡን በሚጎዳ መንገድ ዕውቀቱን መጠቀምም ተከልክሏል። እሑድ ቆመህ ስለ ስካር ብትሰብክ፣ ቅዳሜ የመጣው ሰው እኔን ነው ብሎ ሊያስብ ይችላል። ስለዚህ የስብከቴን ርእስ ከወር በፊት ከንባባቱ አውጥቼ እጽፈዋለሁ፤ ከዚያ አልነካካውም።

ቀኖና አሰጣጤም ተለወጠ። ጸሎት አሁንም እሰጣለሁ። ጉዳቱ ሰው ላይ የደረሰ ሲሆን ግን ነፍስ አባቴ የጠየቁኝን እጠይቃለሁ፦ የት ነው ያደረግከው? ሁልጊዜ በአደባባይ ይሁን አልልም። አንዳንድ ነገር ቢወጣ የሚጎዳው ሌላ ሰው ነውና ጥንቃቄ ይፈልጋል። በጓዳ የተደረገው በጓዳ ይታከማል። በአደባባይ የተደረገው ግን በጓዳ ይቅርታ ብቻ አይሽርም።

ሴትዮዋ ከሰባት ወር በኋላ ተመለሱ። የድሮ ቦታቸው ላይ አይደለም፤ በጎን በር አጠገብ ነው የሚቀመጡት። ወደ ገንዘብ ያዥነቱ እንዲመለሱ አንድ ጊዜ ጠየቅኋቸው። «ይቅር ብያለሁ፣ አባ። ደብተሩን ግን አልይዝም» አሉኝ። ደግሜ አልጠየቅኋቸውም። በእሳቸው ምትክ የተመረጠውን ወጣት ግን ማታ ማታ እየተቀመጡ ሥራውን አስተማሩት። ደረሰኝ ሲያመጣልኝ ትንሽ መዝገብ አብሮ ይዘረጋል፤ ቀን፣ መጠን፣ የተቀባይ ፊርማ። እንዲህ እንዲያደርግ ያሳዩት እሳቸው ናቸው። መጽሐፌን ወደ ጎን አስቀምጬ እፈርማለሁ።