በረኛው ያላየው ሽቦ

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ማቀዝቀዣው ጸጥ አለ። ከተጎታች ቤቴ አልጋ ተነስቼ የባትሪ መቆጣጠሪያውን ሰሌዳ ብመለከት፣ ምንም እንዳልተፈጠረ «84 በመቶ» ይለኛል። መብራቱ ደግሞ ጋዝ እንዳለቀበት ኩራዝ ይንቀዠቀዣል።

ጠዋት በመጀመሪያ የጠረጠርኩት የባትሪውን እርጅና ነው። (አዲስ ዕቃ መግዛት ያማረው ሰው ምክንያት አያጣም።) ቴስተሩን ብደቅንበት 11.8 ቮልት አነበበ። ባለ 12 ቮልት የሊድ አሲድ ባትሪ ሞልቶ ሲያርፍ 12.7 አካባቢ ነው። ባዶ ነበር ማለት ነው፤ የዋሸው ሰሌዳው ነው።

የእጅ ባትሪ ይዤ አልጋው ሥር ገባሁ። ወፍራሙ ጥቁር ገመድ ሸንቱ ላይ በወጉ ታስሯል። ሸንት የሰሌዳው መለኪያ፣ በረኛው ነው፤ በእሱ በኩል የሚያልፈውን የኤሌክትሪክ ጅረት ይቆጥራል፣ ሌላውን አያውቅም። ከጎኑ ግን አንድ ቀጭን ጥቁር ሽቦ አቧራ ለብሶ፣ በአሮጌ ፕላስተር ተጠቅልሎ፣ በቀጥታ የባትሪው ኔጌቲቭ ጫፍ ላይ ተቀምጧል። በጣቴ እየዳሰስኩ ተከተልኩት። የማቀዝቀዣው ነው።

ያሰርኩት እኔ ነኝ። አምና፣ በጥድፊያ፣ «ለጊዜው» ብዬ።

ትልቁ በላተኛ በጓሮ በኩል ሲመላለስ በረኛው ምን ያድርግ? ሽቦውን ወደ ሸንቱ ማዶ አዛወርኩ፤ ባትሪው እስኪሞላ ጠብቄም ሰሌዳውን እንደገና ከ100 አስጀመርኩት።

አሁን ስልኬ የሚነግረኝን የእርምጃ ቁጥር ሳይቀር በጥርጣሬ እያየሁ ነው። ጠረጴዛ ላይ ትቼው የተራመድኩትን ማን ቆጠረልኝ?