የአውቶቡስ መስኮት ይከፈት!

ኒው ሩትማስተር የሚሉትን የለንደን ቀይ ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡስ ታውቁታላችሁ? እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ2012 ሥራ ሲጀምር መስኮቶቹ አይከፈቱም ነበር። አየሩን ማቀዝቀዣው ያስተካክለዋል ተብሎ ነው። በጋ ሲመጣ ግን ላይኛው ፎቅ ምድጃ ሆነ፤ ፀሐዩ በመስታወቱ ይገባል፣ የሰዉ ትንፋሽ እዚያው ይታፈናል፣ ማቀዝቀዣው ከደከመ ደግሞ ተሳፋሪው ምንም ማድረግ አይችልም። በመጨረሻ በ2015 የሚከፈት መስኮት እንዲገጠምላቸው ተወሰነ። ወጪው? ወደ 2 ሚሊዮን ፓውንድ!

በጣም ነው የሚያናድደኝ። ከመጀመሪያው ቢገጠም ምን ነበረበት?

አዲስ አበባ ውስጥ እኮ የመስኮት ክርክር የየቀኑ ነው፤ አንዱ «ኧረ ክፈቱት፣ ታፈንን» ሲል ሌላዋ «ብርድ ይመታኛል፣ ዝጉት» ትላለች፣ ያም ሆኖ መስኮቱ በሰዉ እጅ ነው።

ስለዚህ መስኮቱ የታሸገ አሮጌ አውቶቡስ የምታድሱ ሰዎች፣ እባካችሁ ማቀዝቀዣውን ብቻ ጠግናችሁ አትተዉት። መስታወቱ በሙሉ ባይከፈት እንኳ ከላይ በኩል ትንሽ የሚከፈት ነገር ይኑረው። ሕፃን ላዘለች እናት ያቺ ክፍተት ብዙ ናት።