መሰላሉ የት ድረስ ይደርሳል?

እዚህ አሜሪካ የድሮ ፎቶዎች ስካን የሚደረግበት ሱቅ ውስጥ ነው የምሠራው። አንድ ደንበኛ ለሬስቶራንቱ ግድግዳ ብሎ የድሮ የኒውዮርክ እሳት አደጋ ፎቶዎች ይዞ መጣ፣ በፈረስ የሚጎተቱ የእንፋሎት ፓምፖች፣ በእጅ መዘውር እየተጠመዘዙ የሚነሱ ረጃጅም መሰላሎች፣ በጣም ነው የሚያምሩት። አንዱ ላይ መሰላሉ ትልቅ ፎቅ ላይ ተደግፏል፣ ከታች ፈረሶቹ ቆመዋል፣ ሰውየው "ፈረሶቹ ይጉሉልኝ፣ ከላይ ያለውን ቁረጡት" አለ።

አብራኝ የምትሠራው ልጅ ክሮፕ ልታደርገው ስትል አንዳንዴ እየመጡ የሚያግዙን ጡረታ የወጡ የእሳት አደጋ ሠራተኛ አሉ፣ "ቆይ፣ መጀመሪያ መስኮቶቹን ቁጠሪ" አሏት። ቆጠርን። መሰላሉ ስድስተኛው ፎቅ ላይ አለቀ (እዚህ ግራውንዱን አንደኛ ብለው ነው የሚቆጥሩት)፣ ሕንፃው ግን ገና ይቀጥላል፣ ከላይ ደግሞ መስኮት አለ፣ መስኮት ካለ ሰው አለ ማለት ነው።

ከዛ እዛው ኒውዮርክ፣ ትራያንግል የሚባል የልብስ ፋብሪካ ላይ የተነሳውን እሳት ነገሩን። እ.ኤ.አ. መጋቢት 25 ቀን 1911፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ልብስ ስፌቱ ባለ 10 ፎቅ ሕንፃ ላይ 8ኛ፣ 9ኛና 10ኛው ላይ ነበር፣ የእሳት አደጋ መሰላሉ ደግሞ 6ኛ አካባቢ ቀረ። አንዱ የደረጃ በር ተቆልፏል፣ የውጭው ማምለጫ ደረጃም ሰው ሲበዛበት ተደረመሰ። 146 ሰው ሞተ፣ አብዛኞቹ ከአውሮፓ የመጡ ወጣት ሴቶች፣ እኛው እንደመጣነው ሥራ ፍለጋ የመጡ። እኔ ይሄን ስሰማ አንጀቴን ነው የበላኝ። መሰላል ማስረዘም ደግሞ እንዲሁ የሚሆን ነገር አልነበረም፣ በ1875 እዛው ኒውዮርክ አዲስ ረጅም መሰላል ሲሞከር ተሰብሮ ላዩ የነበሩ ሦስት ሰዎች ሞተዋል፣ አንዱ አለቃ ነበር።

ስለዚህ ያ ደንበኛው ቁረጡት ያለው የፎቶው ጫፍ ለእኔ ከፈረሶቹ በላይ ነው የሚናገረው፣ የእሳት አደጋ ሠራተኞቹ ምን እንዳቃታቸው የሚታየው እዛ ነው። ደንበኛው ሲመለስ ልጅቷ ራሷ አስረዳችው፣ ሙሉውን ይሁን ብሎ ፍሬሙን በረጅም ቀየረ። አሁን የትኛውንም ፎቶ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ፣ ጀርባው ላይ ጽሑፍ ካለም ከነጀርባው ስካን አድርገን ኦሪጅናል ፋይሉን እናስቀምጣለን፣ ክሮፕ የሚደረገው ኮፒው ላይ ብቻ ነው።